ከሥሩ ቀይ ነጥብ ያለው ሳህን

ባቡር ላይ፣ በሰብአ ሰገል ዕለት፣ ረፋዱ ላይ

ለእናቴ፤

እማዬ፣ ከተሳሳምን ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። ቢሆንም ጤና ሳይጠየቅ ወሬ አይወራም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽና ልጠይቅሽ። ያ ግራ ጉልበትሽ እንዴት ነው? አራት ሌሊት ሙሉ ሆስፒታል ወንበር ላይ ተቆራምዶ ማደሩ አልጎዳውም? እኔ ደህና ነኝ። ከባሪ ከተነሳን ሩብ ሰዓት ሆነን። በባሕሩ በኩል፣ መስኮት ጥግ ተቀምጫለሁ። እግሬ ሥር የሰጠሽኝ ጥቅል አለ፣ ጉልበቴ ላይ የፈተና ደብተሬ። ደብተሩን ግን መጻፊያ ጠረጴዛ አደረግኩት እንጂ አልገለጥኩትም። ትቆጪያለሽ፣ ዐውቃለሁ።

ደብዳቤውን እንደ ወትሮው ለአባዬ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ያልወደድሽውን እየዘለልሽ እንደምታነቢለት ግን ነቅቶብሻል። ትናንት ማታ በጆሮዬ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? «እናትሽ ደብዳቤሽን እንደ ዓሣ አጥንቱን እያወጣች ነው የምታጎርሰኝ፤ ጥርስ የሌለኝ መሰላት» አለኝ። ስለዚህ እባክሽ፣ የሆስፒታሉን ማሞቂያ የማማበትን ቦታ እንኳ አንብቢለት።

የበዓል ማብቂያ ባቡር ታውቂዋለሽ። በሰብአ ሰገል ሌሊት በመጥረጊያዋ ላይ እየበረረች ለልጆች ስጦታ የምታድለው አሮጊት በዓሉን ሁሉ ጠርጋ ስትሄድ እኛንም አብራ ጠርጋ እዚህ ውስጥ የከተተችን ይመስላል። መተላለፊያው በሻንጣና በካርቶን ተጨናንቋል። ፊት ለፊቴ ያለው ተማሪ አምስት ሊትር የወይራ ዘይት እንደ ሕፃን አቅፏል። አጠገቡ ያለችው ልጅ «አንተ፣ ሰሜን ዘይት የለም እንዴ?» ብትለው «ዘይትማ ሞልቷል፤ እናቴ ግን የለችም» አላት። ሁላችንም ሳቅን። ባሕሩ ግን አይስቅም። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ ውሃው አመድ መስሏል፣ እስካሁን አንዲት ጀልባ እንኳ አላየሁም። አባዬ ቢያየው «ዛሬ ባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶናል» ይል ነበር።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንኮና ወደብ አዳራሽ ውስጥ እቀመጣለሁ። ሦስት መቶ አርባ ሰው ለሁለት የሥራ ቦታ! ይህ ፈተና የወጣው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ ነገ ያመለጠው ሌላ ዘጠኝ ዓመት መጠበቁ ነው። ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት ይሞላኛል፣ አስቢው! እማዬ፣ እኔ እንደማልፍ ይሰማኛል። ትምክህት አይደለም። የባሕርን ወለል መለካት ከሆነ ሥራው፣ ከመመረቄ በፊት ነው የተማርኩት፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ አባዬ ጀልባው ላይ ጫፉ ላይ የእርሳስ ብረት የታሰረበትን የጥልቀት መለኪያ ገመድ ሲያስይዘኝ። ይህንን ትናንት ማታ ብነግረው «እኔ አርባ ዓመት በገመድ የለካሁትን አንቺ በማሽን ልትለኪው ነው፤ ደመወዙ ግን ለማሽኑ ነው ለአንቺ?» ብሎ አሾፈብኝ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሲቀልድ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ እጄን ያዘና ቀልዱን ተወ። «ምንም ቢሆን ፈተናውን እንዳትተዪ። መረብ ጥሎ ወደ ኋላ የሚቀዝፍ የለም። ቃል ግቢልኝ» አለኝ። ገባሁለት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፤ የሆስፒታሉ ማሞቂያ እንደሆነ ዕቃ እንጂ ሥራ የለውም።

አሁን ደግሞ ቅሬታዬ። ቅሬታ ያልተደባለቀበት ደብዳቤ ከእኔ ጠብቀሽ አታውቂም።

ጠዋት ሆስፒታል አልፌ ልሰናበተው ስልሽ ለምን እንደዚያ ተቆጣሽኝ? ሊነጋጋ ሲል ተመልሰሽ ገባሽ፣ ካፖርትሽን እንኳ ሳታወልቂ «ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው» አልሽኝ። እሺ። ግን አቀፍሽኝና አልለቅ አልሽ፤ ያንቺ ጠባይ አይደለም። ቡና እንኳ አላፈላሽልኝም። ከጎረቤታችን ከኑንዚያታ ቤት በእሷ ማንቆርቆሪያ መጣ፣ ቀዝቅዞ። ኑንዚያታ ራሷ አፏን ዘግታ ስኒ ስትደረድር ያየሁት በዕድሜዬ ዛሬ ነው። ልጠጋና እጄን ላሞቅ ብል ምድጃው ድንጋይ ሆኗል። «ጋዙ አልቆ ነው?» ስልሽ «አዎ» አልሽኝ። ትናንት አይደል እንዴ አጎቴ ኮዚሞ አዲሱን ያመጣው?

ስወጣም የደጃችን አንደኛው መዝጊያ ተዘግቶ ሻንጣዬ ነካክቶት ወጣ። ንፋሱን ፈርታችሁ እንደሆነ እንጃ።

አጎቴ ኮዚሞስ ምን ሆኗል? በአደባባዩ በኩል ቢሄድ አምስት ደቂቃ ነበር። የባሕሩን ዙሪያ ይዞ አንከራተተኝ። «ምነው አጎቴ፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው» ብለው «አደባባዩ ላይ ሰው በዝቷል» አለኝ። በበዓል ጠዋት፣ በአንድ ሰዓት ተኩል፣ ምን ሰው? ጀልባዎቹ ጋ ስንደርስ ዓሣ አጥማጆቹ ከነካፖርታቸው ቆመዋል። መኪናችንን ሲያዩ አንድ በአንድ ቆባቸውን አወለቁ። እኔ ለፈተናዬ መስሎኝ እጄን አወጣሁና አውለበለብኩላቸው፤ «አሸንፌ እመጣለሁ!» ብዬም ጮህኩ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። አጎቴ መስኮቱን ዘጋብኝ። ጣቢያ ደርሰን ጥቅሉን ሲያቀብለኝ ሊጥለው ምንም አልቀረው፣ «እናትሽ ናት የላከችው» አለኝና ሳይስመኝ ዞረ። እማዬ፣ አጎቴ መጠጥ ጀምሮ ከሆነ ንገሪኝ።

ከፎጃ በኋላ

ማን እንዳገኘኝ ብታውቂ! ፀጉር አስተካካዩ ማስትሮ ሳንቴ። ለካ ከእኛ ጣቢያ ነው የተሳፈረው፤ የኋለኛው ፉርጎ ውስጥ ነበር። ወንበር ፍለጋ ሲመጣ አየኝና ክው አለ። ቴርሞሊ ልጁ ጋ ምሳ ተጠርቷል። «ይቀመጡ ማስትሮ» ብዬ የዘይቱን ልጅ አስጠጋሁለት።

ታውቂያለሽ፣ ሳንቴ ምላጩ ቢደንዝ እንጂ ምላሱ አይደንዝም ነው የሚባለው። ዛሬ ግን እየለመንኩ ነው ያናገርኩት። ሁልጊዜ «ካፒቴን» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ ዛሬ «ልጄ» አለኝ። መሣሪያው ያለበትን ትንሿን ቦርሳ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ ይዟታል። «በበዓል ቀንም ምላጭ ይዘው ይዞራሉ? የልጅዎን ባል ሊላጩት ነው?» ብዬ ቀለድኩበት።

«ጠዋት ሥራ ነበረኝ» አለ።

«ዛሬ? ሱቅዎ ዝግ አይደል?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ «አባትሽን ላጨሁት» አለኝ።

ደስታዬን ብታዪው! እጁን ይዤ ሳምኩት። አባዬ ያ የሳምንት ጢም ምን ያህል እንዳስጨነቀው ታውቂያለሽ፤ «ጃርት መሰልኩ» ሲል ነበር። ሰው ጢሙ የሚያሳስበው ሲሻለው ነው፣ አይደል? «እንዴት ነበረ? ቀለደብዎት?» አልኩት። «አልቀለደም» አለ ሳንቴ። «ፊቱ ግን አማረ። እንደ ሙሽራ አማረ።» ይህን ብሎ እጁን ከእጄ አወጣና ቦርሳዋን መልሶ ያዘ። ነገ በመጀመሪያው ባቡር እንደሚመለስም ነገረኝ። «ምነው፣ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ሁለት ቀን አይቆዩም?» ስለው «ነገ ከሰዓት መገኘት ያለብኝ ቦታ አለ» አለ። የት እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ የሽማግሌ ጉዳይ ብዬ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። አንቺ ተኝቷል አልሽኝ፤ ሳንቴ ላጨሁት አለኝ። የተኛ ሰው ይላጫል እንዴ? ስንገናኝ ይህንን አስረጂኝ።

ራበኝ። ጥቅሉን ልፈታና ሳንቴንም ላብላው። ትንሽ ቆይቼ እቀጥላለሁ።

ከቴርሞሊ በኋላ

እማዬ፤

ከላይ ያለውን ልቀደው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። እንዳለ ይቆይ።

ጥቅሉን ፈታሁት። ያ የወጥ ቤት ፎጣሽ ነበር፤ ድርብ ቋጠሮውም የማያጠራጥር የአንቺ እጅ ነው። ክዳኑን ስከፍት ድቡልቡል ሥጋ በስጎ፣ ከሥሩ በምድጃ የተጋገረ ፓስታ። የዘይቱ ልጅ «እኔ ዘይቴን ልጠጣ እንዴ?» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። እኔም እየሳቅኩ አንዱን በሹካ አነሳሁና ወደ አፌ ሳቀርበው የሎሚ ልጣጭ ሸተተኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ስለዚህ ሎሚ ስታሚ ሰምቻለሁ። «ኑንዚያታ ሥጋ ውስጥ ሎሚ ትጨምራለች፤ ይህ ምግብ ነው ሳሙና?» ስትዪ። ባለፈው ዓመት በገና ራሷ አምጥታ ብትሰጥሽ ለድመቷ የሰጠሽው አንቺ አይደለሽም? መጀመሪያ ፈገግ አልኩ፤ ጦርነቱ አበቃ፣ ታረቁ ብዬ። ከዚያ ሳህኑን ከፍ አድርጌ ከሥሩ አየሁት። ቀዩ ነጥብ አለ። ኑንዚያታ ዕቃዋ ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀልባት በጥፍር ቀለም የምትቀባው ነጥብ። ዕቃዋ ከሰው ቤት የሚውለው መቼ እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ለሳንቴ ዘረጋሁለት። «ይብሉ ማስትሮ» አልኩት። ሳንቴ ሳህኑን አየው። ነጥቡን አየው። ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገው፤ ልክ ጀልባዎቹ ጋ እንደነበሩት ሰዎች።

«ለእኔ አይሆንም ልጄ» አለኝ። «ይህ ለእናንተ ለቤተሰቡ ብቻ ነው።»

የዘይቱ ልጅ ሳቁን አቆመ። ባቡሩ ቴርሞሊ ሲገባ ሳንቴ ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ። «ብዪ» አለኝ። «አደራሽን፣ ሁሉንም ብዪ።» ቦርሳዋን ይዞ ወረደ። በመስኮት አየሁት፤ የሚቀበሉት የልጅ ልጆቹ አሮጊቷ ለባለጌ ልጅ የምትተወውን ጥቁሩን የስኳር ከሰል በእጃቸው ይዘው እየዘለሉ ነበር፤ እሱ ግን ቆሞ ባቡሩን ያያል።

አያቴ ያረፈች ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ርቦኝ ሳለቅስ ሻማ ለኩሼ ምድጃውን ላነድ ስል እጄን ይዘሽ «እንዲህ በሆነ ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድም፤ የጎረቤት እጅ ነው የሚያበላን» አልሽኝ። ኑንዚያታ በዚህ ሳህን ነበር ያመጣችው። ያን ጊዜም ሎሚ ነበረው። ያን ጊዜ ግን አላማሽውም፤ ዝም ብለሽ በላሽ።

ከቴርሞሊ እስከ ቫስቶ ተናድጄብሽ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም። ማን ፈቀደላችሁ? አንቺ፣ አጎቴ፣ ያ ሁሉ ቆብ አውላቂ፤ ከተማው በሙሉ ያወቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ እጄን እያውለበለብኩ በመካከላችሁ ማለፌ! የለቅሶ ወረቀት የሚለጠፍበት የአደባባዩ ግድግዳ ላይ ምን ተለጥፎ እንደነበር፣ አጎቴ ለምን እንደዞረበት፣ አሁን ሳልጠይቅ ገባኝ። ስልኬን አውጥቼ ስምሽን ስንት ጊዜ እንደነካሁትና እንደተውኩት አልቆጠርኩም። ባሕሩ በመስኮቱ ሥር ነበር፤ ማዕበሉ ከሐዲዱ ድንጋይ ላይ እየወጣ መስታወቱን ይረጨዋል።

በኋላ አንቺን አሰብኩሽ። ወጥ ቤቱ መካከል፣ ካፖርትሽን እንደለበስሽ፣ በቀዝቃዛው ምድጃና በእኔ መካከል ቆመሽ። ዳቦ ቤቱ ለበዓል ዝግ ነው። ልጅ ባዶ እጁን ከቤት አይወጣም። እሳት ደግሞ አይነድም። ሁሉንም ነገር ደበቅሽ፤ ፊትሽን፣ ጥቁር ነጠላሽን፣ ድምፅሽን፣ መንገዱን። አንዱን ብቻ አልቻልሽም። ልጅሽን ሳታበዪ መስደድ አልቻልሽም። እሱ ነው ያሳበቀብሽ።

ፔስካራ ላይ ባቡሩ አሥር ደቂቃ ቆመ። ትይዩው ሐዲድ ላይ ወደ ደቡብ የሚመለሰው ቆሞ ነበር፤ በሩ ክፍት። ሻንጣዬን አወረድኩ። በሩ ጋ ደረስኩ፣ አንድ እግሬንም ደረጃው ላይ አደረግኩ። ነፋሱ ጨው ጨው ይላል። የዘይቱ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ «ትወርጃለሽ? ሻንጣሽን ልያዝልሽ?» አለኝ። የሰማሁት የአባዬን ድምፅ ነው። ምንም ቢሆን ሲለኝ ምን ሊሆን እንደሚችል እያወቀ ነበር፤ ቃል ያስገባኝ ለዚህች ደረጃ ነበር። እኔ የሆስፒታሉን ማሞቂያ ሳማ እሱ መረቡን እየጣለ ነበር።

የወዲያኛው ባቡር በሩን ዘግቶ ሄደ። ልጁ ሻንጣዬን አንስቶ መልሶ ሰቀለልኝ፤ ምንም አልጠየቀኝም። እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች።

ከዚያ ተቀምጬ በላሁ። ሁሉንም። ሎሚውንም።

አንኮና፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

የእንግዳ ማረፊያው ክፍል ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ግን ወደቡን ያያል። አሁን ነው ስልኩን የዘጋነው። ነገ ተዛብቶ እንዳይታወሰን እንዳለ ልጻፈው።

ደረስሽ ወይ አልሽኝ። ደረስኩ አልኩ። በላሽ ወይ አልሽኝ። በላሁ፣ ሳህኑን አጠብኩት አልኩሽ። ከኋላሽ ብዙ ሴቶች ያወሩ ነበር፣ ወንበር ይጎተት ነበር፤ አንድ ሰው እሽሽ አለና ሁሉም ፀጥ አሉ።

አባዬስ? አልኩሽ።

ተኝቷል፣ አልሽኝ።

እንግዲያው አትቀስቅሱት፣ አልኩሽ።

ትንፋሽሽን ሰማሁት። ከዚያ ለአጎቴ ኮዚሞ እንድትነግሪልኝ አልኩሽ፤ ነገ ሰባት ሰዓት ላይ ከዚህ እነሳለሁ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፤ ነገ ከሰዓት ሊያደርግ ያሰበው ነገር ካለ እኔ ሳልመጣ እንዳያደርገው። «እነግረዋለሁ» አልሽኝ በመጨረሻ። «አንቺ ብቻ ጥያቄውን ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቢ።» ይህ የእሱ ቃል ነው። ትናንት ማታ ለእኔ ሲለኝ በሩ ጋ ቆመሽ ትሰሚ ነበር ለካ።

ነገ አነባለሁ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ። ደብተሬን አሁን እገልጣለሁ። እንባ እንዳያበላሸው ራቅ አድርጌ ነው የማነበው።

ስመጣ ለእኔ ብለሽ ለሐዘን የተዘጋውን መዝጊያ እንዳትከፍቺ። በአንዱ እገባለሁ። ምድጃውንም እንዳታነጂ፤ የኑንዚያታን እበላለሁ። ጉልበትሽንም አታስጨንቂው፣ ደጅ ወጥተሽ አትቁሚ፤ አጎቴንም ጢምህን ተላጭ አትበዪው፣ ለሐዘኑ ይተወው። ይህንን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። በአፌ ልነግርሽ ብጀምር ስለማልጨርሰው በእጄ ይዤው እመጣለሁ። ሳህኑ ውስጥ አድርጌ ነው የምሰጥሽ፤ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ትዪ የለ?

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እማዬ። እኔንም ያጽናኝ። ከእኔ ቀድሞ እጅሽን የሚይዝሽ አይጥፋ።

ደብዳቤውን ስትቀበዪኝ እንደ ወትሮው ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ። ሴቶቹ ቢኖሩም አትፈሪ። ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ምንም እንዳትዘዪ። አጥንቱን አታውጪለት።

ልጅሽ